ከባዶ እግር እስከ ተሽከርካሪ ወንበር፦ የሻምበል አበበ ቢቂላ ሁለት ሩጫዎች

አዲስ አበባ፦ መርካቶ በሥራ ቀን ለእግረኛ እንኳ መተላለፊያ የምትነፍግ ገበያ ናት። ከአውቶብስ ተራ እስከ እህል በረንዳ፣ ከምናለሽ ተራ እስከ ሸራ ተራ ተሸካሚው፣ ነጋዴው፣ ከገጠር ምርቱን ይዞ የመጣው ገበሬ ትከሻ ለትከሻ ይጋፋል። እሑድ ማለዳ ግን አብዛኞቹ ሱቆች ይዘጋሉ፤ መንገዱም ይለቀቃል። ያኔ የአዲስ ከተማ ልጆች ሁለት ሁለት ድንጋይ ለግብ አቁመው ኳስ ይጀምራሉ። ከጨዋታው ዳር ቆመው የሚመለከቱም አይጠፉም፤ አንዱ እግሩ የማይታዘዝለት፣ ሌላው አእምሮው እንደ እኩዮቹ ፈጥኖ የማይረዳ ነው። ቡድን ሲከፈል ስማቸው አይጠራም። ዳር ለመቆም እንኳ ያልታደሉ፣ በር ተዘግቶባቸው ቤት የሚውሉም አሉ።

የእነዚህ ልጆች ነገር በተነሣ ቁጥር ኢትዮጵያ ልታስታውሰው የሚገባ አንድ ሕይወት አላት። ባለታሪኩን ገበሬውም ከተሜውም ያውቀዋል። ስሙ በትምህርት ቤት ይነገራል፤ በአዲስ አበባም አንድ ስታዲየም በስሙ ይጠራል። ይሁን እንጂ በሰፊው የሚተረከው የሕይወቱ እኩሌታ ነው። በሮም ጎዳና በባዶ እግሩ ሮጦ ዓለምን ያስደነቀው አበበ ቢቂላ፣ የመጨረሻዎቹን አራት ዓመት ተኩል ያሳለፈው በተሽከርካሪ ወንበር ላይ ነበር። በእነዚያ ዓመታትም ስፖርትን አልተወም።

የጃቶ ልጅ

አበበ ቢቂላ ነሐሴ 1 ቀን 1924 ዓ.ም በቀድሞው የሸዋ ጠቅላይ ግዛት፣ ከመንዲዳ ከተማ አቅራቢያ በምትገኘው ጃቶ በተባለች የገጠር መንደር ተወለደ። እናቱ ወይዘሮ ውድነሽ በነበሩ ይባላሉ። ገና ሕፃን ሳለ የፋሺስት ኢጣሊያ ጦር አገሪቱን ወረረ፤ ቤተሰቡም ከቀየው ተነቅሎ ጎሮ ወደተባለ ራቅ ያለ ስፍራ ለመሸሽ ተገደደ። ክፉው ጊዜ ካለፈ በኋላ ወደ ቀያቸው ተመልሰው እርሻቸውን ያዙ፤ ልጁም እንደ ደጋ ገበሬ ልጅ በእረኝነትና በሜዳ ጨዋታ አደገ።

ከሜዳ ጨዋታዎቹ ሁሉ የገና ጨዋታ ይወድ ነበር። የገና ሜዳ እንደ ዛሬው የኳስ ሜዳ በኖራ የተሠመረ አይደለም። የአንዱ ወገን ግብ ከሌላው ወገን ግብ አንዳንዴ ኪሎ ሜትሮች ይርቃል። ተጫዋቹ የገና ዱላውን ይዞ እሩሯን እየተከተለ ዳገት ይወጣል፤ ቁልቁለት ይወርዳል። ነባሩ ልማድ በዚያ ሜዳ ላይ ጌታና ሎሌን እኩል ያደርጋል፤ ጌታ በሎሌው ዱላ ቢነካ እንኳ መቆጣት አይፈቀድለትም። የደጋው ልጅ ሳንባና እግር የጠነከረው ማንም አሠልጣኝ ሳይነካው፣ በዚህ ጨዋታ ነው።

በ1943 ዓ.ም ገደማ አበበ እንደ ብዙ የገጠር ወጣት ኑሮውን ሊያቃና ወደ አዲስ አበባ መጣ። በተከታዩም ዓመት በክብር ዘበኛ 5ኛ እግረኛ ሬጅመንት በወታደርነት ተቀጠረ። ከሱሉልታ ኮረብቶች እስከ አዲስ አበባ 20 ኪሎ ሜትር ያህል እየሮጠ ይመላለስ ነበር። የክብር ዘበኛን ስፖርተኞች ያሠለጥኑ የነበሩት ስዊድናዊው ኦኒ ኒስካነንም ይህን ዝምተኛ ወታደር አስተዋሉት። በዘመኑ የጦሩ ገናና ሯጭ ዋሚ ቢራቱ ነበር፤ አበበ ብቅ ያለው በእርሱ ጥላ ሥር ነው። በ1952 ዓ.ም ወይዘሮ የውብዳር ወልደ ጊዮርጊስን አገባ፤ አራት ልጆችም ወለዱ። በዚያው ዓመት ክረምት አዲስ አበባ ላይ በተካሄደ የማራቶን ማጣሪያ 2 ሰዓት ከ21 ደቂቃ ከ23 ሰከንድ ገባ። ይህ ሰዓት የቼኮዝሎቫኪያው ኤሚል ዛቶፔክ ይዞት ከነበረው የኦሊምፒክ ክብረ ወሰን የፈጠነ ቢሆንም፣ ከአገር ውጭ ያወቀውም ያመነውም አልነበረም።

የአዲስ ዓመት ዋዜማ

የሮም ማራቶን የተካሄደው ጳጉሜን 5 ቀን 1952 ዓ.ም ነው። በኢትዮጵያ ቤት ሁሉ የአዲስ ዓመት ዋዜማ ነበር። በሮም ደግሞ ሙቀቱን ለመሸሽ ሲባል ውድድሩ ከቀኑ 11 ሰዓት ተኩል ላይ ተጀመረ። አበበ የቀረበለት ጫማ እግሩን ስላልተመቸው፣ ሲለማመድ እንደኖረው በባዶ እግሩ ተሰለፈ። የደረቱ ቁጥር 11 ነበር።

ፀሐይ ጠለቀች። በጥንቱ የአፒያ ጎዳና ወታደሮች ችቦ ይዘው መንገዱን ያበሩ ነበር። ከግማሽ መንገድ በኋላ ከአበበ ጎን የቀረው የሞሮኮው ራዲ ቤን አብደሰላም ብቻ ሆነ። መጨረሻው ላይ ጎዳናው ከአክሱም ተወስዶ በሮም በቆመው ሐውልት አጠገብ ያልፋል። ሐውልቱ የቆመው የዓለም የምግብና የእርሻ ድርጅት ዋና መሥሪያ ቤት ፊት ለፊት ነበር። የአክሱም ልጅ ወገኖች ያን ድንጋይ ወደ አገሩ ለማስመለስ ገና 45 ዓመት ሊጠብቁ ነው። አበበ ግን ወደ ሐውልቱ ሲቃረብ ፍጥነቱን ጨመረ፤ ሞሮኳዊውን ጥሎ በቆስጠንጢኖስ ቅስት ሥር ቀድሞ ገባ። ሰዓቱ 2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16 ሰከንድ ነበር፤ በርቀቱ እስከዚያ ዕለት ከተመዘገበው ሁሉ የፈጠነ ነው። የመጀመሪያው ጥቁር አፍሪካዊ የኦሊምፒክ ወርቅ ተሸላሚም ሆነ።

አበበ ሮምን ድል በነሣ በ8ኛው ቀን፣ መስከረም 8 ቀን 1953 ዓ.ም፣ በዚያችው ከተማ ሌላ ውድድር ተከፈተ። ከ23 አገሮች የመጡ 400 ያህል ስፖርተኞች በተሽከርካሪ ወንበር ወደ ሜዳ ገቡ። ዛሬ የመጀመሪያው የፓራሊምፒክ ጨዋታ ተብሎ የሚቆጠረው ይህ ነው። ዓለም ስለ ባዶ እግሩ ሯጭ እያወራ ስለነበር ያን ያህል ልብ ያለው አልነበረም።

አበበ በአገሩ በክብር ቢቀበሉትም ዓመቱ ፈተና ይዞለት መጣ። በታኅሣሥ 1953 ዓ.ም የክብር ዘበኛ አዛዦች በንጉሠ ነገሥቱ ላይ መፈንቅለ መንግሥት ሞከሩ። አበበ በነገሩ እጁ ባይኖርበትም የዚያ ጦር ባልደረባ በመሆኑ ለአጭር ጊዜ ታሰረ፤ ከዚያም ተለቀቀ።

በጥቅምት 1957 ዓ.ም ወደ ቶኪዮ የሄደው የትርፍ አንጀት ቀዶ ሕክምና ተደርጎለት አምስት ሳምንት ያህል ብቻ ካገገመ በኋላ ነው። ይወዳደራል ብሎ የጠበቀ ጥቂት ነበር። ጥቅምት 11 ቀን፣ በዚህ ጊዜ ጫማ አድርጎ፣ 2 ሰዓት ከ12 ደቂቃ ከ11 ሰከንድ በሆነ አዲስ ሰዓት አሸነፈ። ሁለተኛ የወጣው እንግሊዛዊ የመጣው ከአራት ደቂቃ በኋላ ነበር። ተከታዮቹ እስኪደርሱ አበበ በሜዳው ሣር ላይ ሰውነቱን ሲያፍታታ ታየ። የኦሊምፒክን ማራቶን ሁለት ጊዜ በተከታታይ ያሸነፈ ከእርሱ በፊት ማንም አልነበረም።

ቶኪዮም ላይ የሮሙ ነገር ተደገመ። ከአበበ ድል 18 ቀን በኋላ በዚያው ከተማ የተሽከርካሪ ወንበር ስፖርተኞች ጨዋታ ተከፈተ። ሁለቱ መንገዶች ሁለት ጊዜ ጎን ለጎን አለፉ፤ አልተገናኙም።

የመጋቢቱ ሌሊት

ከ1959 ዓ.ም ክረምት ጀምሮ የአበበ እግር መክዳት ያዘ። በስፔን ዛራውዝ በተደረገ ውድድር የጭኑ ጅማት ተጎዳ፤ ከዚያ ወዲያ እንደ ቀድሞው አልሆነም። ጥቅምት 10 ቀን 1961 ዓ.ም በሜክሲኮ ከተማ ለሦስተኛ ድል ቢሰለፍም ከ17 ኪሎ ሜትር ገደማ በኋላ ሕመሙ አስቆመው። ባልደረባው ማሞ ወልዴ ሩጫውን ቀጥሎ የወርቅ ሜዳሊያውን አስገኘ፤ የማራቶን ድል ለሦስተኛ ጊዜ ከኢትዮጵያ እጅ ሳይወጣ ቀረ። አበበም በሻምበልነት ማዕረግ አገሩን ማገልገሉን ቀጠለ።

መጋቢት 13 ቀን 1961 ዓ.ም ሌሊት አበበ ይነዳት የነበረችው ቮልስዋገን መኪና ከቁጥጥሩ ወጥታ ተገለበጠች። ከውስጧ ሳይወጣ አደረ፤ ሰው የደረሰለት ሲነጋ ነው። የአንገቱ አጥንት ተጎድቶ ስለነበር እጁንም እግሩንም ማንቀሳቀስ አልቻለም። ለገበሬ በሬው፣ ለሸማኔ እጁ እንደሆነ ሁሉ ለሯጭ እግሩ እንጀራውም ስሙም ነው። የ36 ዓመቱ ሰው በአንድ ሌሊት ሁለቱንም ያጣ መሰለ።

ከሳምንት በኋላ ለሕክምና ወደ እንግሊዝ ተላከ። የተወሰደው ስቶክ ማንደቪል ወደተባለው ሆስፒታል ነበር። በሮምም በቶኪዮም ከድሎቹ በኋላ ተሽከርካሪ ወንበሮቹን ወደ ሜዳ የላከው ሐሳብ የተወለደው በዚሁ ሆስፒታል ውስጥ ነው። ጎን ለጎን ያለፉት መንገዶች አሁን ተገናኙ።

ቀስቱ ለምን ተሰጠ?

በስቶክ ማንደቪል የአከርካሪ ጉዳት ክፍሉን በ1936 ዓ.ም የመሠረቱት ሉድቪግ ጉትማን የተባሉ ሐኪም ናቸው። አይሁዳዊ በመሆናቸው ከናዚ ጀርመን ሸሽተው በእንግሊዝ የተጠጉ ስደተኛ ነበሩ። እርሳቸው ሥራውን ሲጀምሩ አከርካሪው የተሰበረ ሰው ብዙም ሳይቆይ እንደሚሞት ይታመን ነበር። ገዳዩ በአብዛኛው ስብራቱ ሳይሆን በአንድ ጎን በመተኛት የሚፈጠረው የቆዳ ቁስልና የሽንት መተላለፊያ ኢንፌክሽን ነው። ጉትማን በሽተኞቻቸው ሌት ተቀን በየሁለት ሰዓቱ እንዲገላበጡ አዘዙ። ነፍሳቸው ከተረፈች በኋላ ደግሞ ሰዎቹ ግድግዳ እያዩ እንዲኖሩ አልፈለጉም።

ስለዚህ ስፖርትን እንደ መድኃኒት አዘዙ። ቀስት ውርወራን ከሁሉ ያስቀደሙበት ምክንያት ነበራቸው። ቀስት መሳብ የትከሻን፣ የክንድንና የጀርባን ጡንቻ ያጠነክራል፤ ከወገብ በታች የማይታዘዝ ሰው ደገፍ ሳይል ተቀምጦ ሚዛኑን እንዲጠብቅ ያስተምራል። ከዚህም ሌላ በተሽከርካሪ ወንበር የተቀመጠ ቀስተኛ ቆሞ ከሚወረውር ጋር ያለ ምንም ይሉኝታ እኩል መወዳደር ይችላል። የለንደን ኦሊምፒክ በተከፈተበት ዕለት፣ ሐምሌ 22 ቀን 1940 ዓ.ም፣ ጉትማን 16 ጉዳተኞችን በሆስፒታሉ ግቢ በቀስት አወዳደሩ። የሮሙና የቶኪዮው ጨዋታ ያደገው ከዚያች ትንሽ ውድድር ነው።

አበበ በዚህ ሆስፒታል ስምንት ወር ያህል ቆየ። መጀመሪያ ላይ ራሱን እንኳ ማዞር አይችልም ነበር። ቀስ በቀስ ግን ክንዶቹ ተመለሱለት፤ እግሮቹ ግን አልተመለሱም። ንግሥት ኤልሳቤጥ ሳይቀሩ መጥተው ጠየቁት፤ ከዓለም ዙሪያም ምሕረትን የሚመኙ ካርዶች ጎረፉለት። ካርዶቹ የቀድሞውን ሯጭ የሚያስታውሱ ነበሩ። ሐኪሞቹ ግን አሁን ባለው ክንድ ቀስት እንዲስብ አስተማሩት።

በሐምሌ 1962 ዓ.ም አበበ ወደ እንግሊዝ ተመልሶ በስቶክ ማንደቪል ጨዋታ ላይ በቀስት ውርወራና በጠረጴዛ ቴኒስ ተወዳደረ። የሁለት ኦሊምፒክ ባለ ወርቅ ከጀማሪዎች ጋር ተሰልፎ፣ ሊሸነፍ እንደሚችል እያወቀ ወደ ሜዳ ገባ። ስሙን ለማስጠበቅ ቤቱ ተቀምጦ ያለፈውን ዘመን ቢያወራ የሚነቅፈው አልነበረም። እርሱ ግን ስፖርተኛነቱ በእግሩ ላይ ብቻ እንዳልነበረ በተግባር አሳየ።

በ1963 ዓ.ም ለጉዳተኞች በተዘጋጀ ጨዋታ ላይ በእንግድነት ወደ ኖርዌይ ተጋበዘ። እንግድነቱ አልበቃውም። በቀስትና በጠረጴዛ ቴኒስ ተወዳደረ፤ በደጋማው ሸዋ ዐይቶት በማያውቀው የበረዶ ሜዳም ውሻ በሚጎትተው መንሸራተቻ ተሰለፈ። 16 ተወዳዳሪዎች በተሰለፉበት በዚህ ውድድር በ1 ሰዓት ከ16 ደቂቃ ከ17 ሰከንድ አንደኛ ወጣ። ባዶ እግሩ በሮም ድንጋይ ላይ ያስገኘለትን ክንዱ በሰሜን አውሮፓ በረዶ ላይ መለሰለት።

በነሐሴ 1964 ዓ.ም በሙኒክ ኦሊምፒክ መክፈቻ የክብር እንግዳ ሆኖ በተሽከርካሪ ወንበሩ ሲገባ ተመልካቹ ቆሞ አጨበጨበለት። የማራቶኑ ቀን ጳጉሜን 5 ሆነ፤ ከሮሙ ድል ልክ 12 ዓመት በኋላ መሆኑ ነው። ማሞ ወልዴ ሦስተኛ ወጣ። አሸናፊው አሜሪካዊ ፍራንክ ሾርተር ሜዳሊያውን ከተቀበለ በኋላ ወደ አበበ ሄዶ እጁን ጨበጠ።

ከአንድ ዓመት በኋላ፣ ጥቅምት 15 ቀን 1966 ዓ.ም፣ ሻምበል አበበ ቢቂላ ከመኪናው አደጋ ጋር በተያያዘ በአንጎል ውስጥ ደም መፍሰስ ምክንያት በ41 ዓመቱ ዐረፈ። በአዲስ አበባ በቅዱስ ዮሴፍ ቤተ ክርስቲያን በሙሉ ወታደራዊ ክብር ሲቀበር 65 ሺህ ያህል ሕዝብ ሸኘው፤ ንጉሠ ነገሥቱም ተገኝተዋል። ብሔራዊ የሐዘን ቀንም ታወጀ።

ዳር የቆሙት

አበበ በሜክሲኮ ከመሰለፉ ሦስት ወር ቀደም ብሎ፣ ሐምሌ 13 ቀን 1960 ዓ.ም፣ በአሜሪካዋ ቺካጎ ከተማ ሌላ በር ተከፍቶ ነበር። ከአሜሪካና ከካናዳ የመጡ 1 ሺህ ያህል የአእምሮ እድገት ውስንነት ያለባቸው ስፖርተኞች የመጀመሪያውን ስፔሻል ኦሊምፒክስ አደረጉ። ሐሳቡን ያነሡት የፕሬዚዳንት ኬኔዲ እህት ዩኒስ ኬኔዲ ሽራይቨር ናቸው። እህታቸው ሮዝመሪ የአእምሮ እድገት ውስንነት ነበረባት፤ ጎጂ የአንጎል ቀዶ ሕክምና ተደርጎላትም ለረጅም ዓመታት ከቤተሰቧ ርቃ በተቋም ኖረች። ልጅን መደበቅ የድሃ ቤት ችግር ብቻ እንዳልሆነ ይህ ያሳያል። ዩኒስ በ1954 ዓ.ም በራሳቸው ግቢ ውስጥ ለእንዲህ ያሉ ልጆች የክረምት ጨዋታ አዘጋጁ፤ ቺካጎ የዚያ ግቢ ፍሬ ነበር።

የአበበ ጉዳት የአካል ነበር። የአእምሮ እድገት ውስንነት ሌላ ነገር ነው፤ ሁለቱን አንድ ማድረግ አይገባም። አበበን ንግሥት ጠይቃዋለች፤ መንግሥት ባሕር ማዶ ልኮ አሳክሞታል። በአንድ የመርካቶ ጓሮ ወይም በአንድ የደጋ መንደር ቤት ውስጥ የተቀመጠውን ልጅ ግን ስሙን እንኳ የሚያውቅ ጥቂት ነው። ከዓለም መድረክም የተገፋበት ጊዜ ነበር። በ1993 ዓ.ም በሲድኒ ፓራሊምፒክ የስፔን የቅርጫት ኳስ ቡድን በዚህ ዘርፍ ወርቅ ከወሰደ በኋላ፣ ከ12 ተጫዋቾቹ 10ሩ ምንም ውስንነት የሌለባቸው ሆነው ተገኙ። የሌሎች ማጭበርበር ቅጣቱ በእውነተኞቹ ላይ አረፈ፤ ዘርፉ ተሰርዞ እስከ 2004 ዓ.ም የለንደን ጨዋታ ድረስ አልተመለሰም።

በሰፈር ደረጃ እንዲህ ያለ ስፖርት መምራት ብዙ ሀብት አይጠይቅም፤ ዘዴ ግን ይፈልጋል። ስፔሻል ኦሊምፒክስ ተወዳዳሪዎችን በጉዳታቸው ዓይነት ሳይሆን በችሎታቸው ይመድባል። አስቀድሞ በሙከራ ይለካሉ፤ በአንድ ምድብ ውስጥ በፈጣኑና በዝግተኛው መካከል ያለው ልዩነት ከ15 በመቶ ባይበልጥ ይመረጣል። እንዲህ ሲሆን እያንዳንዱ የማሸነፍ ተስፋ ይዞ ይነሣል። አሠልጣኙ ረጅም ማብራሪያ ከመስጠት ሠርቶ ማሳየትን ያስቀድማል፤ አንዱ ሳይለመድ ወደ ሌላው አይሻገርም። ልምምዱ በአንድ ቀን፣ በአንድ ሰዓት፣ በአንድ ቦታ ቢሆን ልጁ ሥርዓቱን ይይዘዋል። ከሁሉ የላቀው ግን ውስንነት ያለባቸውና የሌለባቸው ልጆች በአንድ ቡድን አብረው የሚሰለፉበት አሠራር ነው፤ በዚህ ጊዜ ጎረቤት ልጁን በስሙ መጥራት ይጀምራል።

ለመርካቶ ይህ ከባድ አይደለም። እሑድ የሚለቀቅ መንገድ አለ። ከ2011 ዓ.ም ጀምሮ አዲስ አበባ መንገዶቿን ለጥቂት ሰዓታት ከተሽከርካሪ ነፃ እያደረገች ነዋሪውን ስፖርት አሠርታለች። ከዳር የቆመውን ልጅ ወደ መሐል መጥራት ግን የማዘጋጃ ቤት ሥራ ብቻ አይደለም፤ የእድር፣ የትምህርት ቤት፣ የወላጅና የሰፈር ወጣት ሥራ ነው። ገጠሩም ከዚህ አይጎድልም። ሰብል ከተነሣ በኋላ ባዶ የሚሆን ማሳ፣ ለገና የሚለቀቅ ሜዳ በየቀበሌው አለ።

በነሐሴ 2013 ዓ.ም የማየት ውስንነት ያለባት ትዕግስት ገዛኸኝ በ1 ሺህ 500 ሜትር ለኢትዮጵያ የመጀመሪያውን የፓራሊምፒክ ወርቅ ስታስገኝ ከተማዋ ቶኪዮ ነበረች። አበበ ሁለተኛ ወርቁን ያጠለቀባት፣ ከ18 ቀን በኋላም ተሽከርካሪ ወንበሮች ወደ ሜዳ የገቡባት ያችው ከተማ ናት። በአገሯ ልጅ ድልና በእርሷ ድል መካከል 57 ዓመት አለፈ።

ጃቶ ላይ አንድ እረኛ የገና ዱላ ይዞ የሮጠበት ሜዳ ጌታንና ሎሌን እኩል ያሰልፍ ነበር። ያ ልማድ ለአእምሮ እድገት ውስንነት ላለበት ልጅም ቦታ አያጣም። በሚመጣው እሑድ መርካቶ ላይ ሁለቱ ድንጋዮች ሲቆሙና ቡድን ሲከፈል፣ ዳር ከቆሙት አንዱ በስሙ ቢጠራ ጨዋታው የሚዘገየው ለአፍታ ነው።